ጥበቡ ማጠፊያው ላይ ነው

የኪስ ኮምፒውተር የሚሠራ ባለሙያ መጀመሪያ የሚገጥመው የኪቦርድ ጣጣ ነው። ኪቦርዱን ቢያሳንሰው ጣት አይገባበትም፤ ቢያሰፋው ኪስ አይገባም። ሳዮን የተባለው የለንደን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ያቀረበው «ሲሪስ 5» ይህን ጣጣ በብልሃት ፈትቶታል። ሲታጠፍ ርዝመቱ 17፣ ወርዱ 9፣ ውፍረቱ ደግሞ ከ2 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ከነባትሪ ድንጋዩ 350 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሲከፈት ግን በሁለት እጅ የሚጻፍበት ደህና ኪቦርድ ብቅ ይላል።

ጥበቡ ያለው ማጠፊያው ላይ ነው። የነደፈው ቴርፎር በተባለው የብሪታንያ የንድፍ ድርጅት የሚሠራው ማርቲን ሪዲፎርድ ነው። ተራ ማጠፊያ እንደ በር ነው፤ አንዱ ወገን ቆሞ ሌላው ይዞራል። በዚህኛው ግን ክዳኑ ሲነሣ ኪቦርዱ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ስክሪኑም ወደ ኋላ ተንጋሎ የታችኛው ጠርዙ ከኪቦርዱ ጀርባ ያርፋል። እጅ የሚያውቀው ክዳን መክፈቱን ብቻ ነው፤ የቀረውን ማጠፊያው ይጨርሰዋል።

ይህ ሁሉ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ስክሪኑ ከጎን በምትሰካ ቀጭን ብዕር እየተነካ የሚሠራ ነው። እንዲህ የቀለለ ዕቃ ከላይ በኩል ሲጫኑት ወደ ኋላ መገልበጥ ይቀናዋል። ኪቦርዱ ወደ ፊት በመውጣቱ ግን ዕቃው ጠረጴዛው ላይ የሚያርፍበት ስፋት ይጨምራል፤ ስክሪኑም ከጫፍ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ቢጫኑትም ንቅንቅ አይልም። ንድፍ ሠሪው የተጠቃሚው ጣት የት እንደሚያርፍና በምን ያህል ኃይል እንደሚጫን አስቀድሞ አስቦበታል።

ያው አሳቢነት ሌላም ቦታ ይታያል። ድምፅ መቅጃ ቁልፎቹ ከውጭ በኩል ስለሆኑ መሣሪያውን ሳይከፍቱ መቅዳት ይቻላል። ዘወትር የሚፈለጉት ትእዛዞች በስክሪኑ ዳርቻ ላይ ታትመዋል፤ አንዴ መንካት ይበቃል። ሲበራ አያስጠብቅም፤ ጽሑፉ ካቆሙበት ቦታ ወዲያው ይመጣል። ጉልበቱን የሚያገኘው ከየትም ሱቅ ከሚገዙ ሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች ነው፤ በእነሱም ለብዙ ሰዓታት ይሠራል። በየመንገዱ ዜና የሚጽፉ ጋዜጠኞች የወደዱት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ድካሙም ከዚያው ከማጠፊያው ይጀምራል። ስክሪኑን ከአካሉ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ኬብል ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አብሮ ይታጠፋል። ከብዙ አገልግሎት በኋላ ይበጣጠስና ስክሪኑ ላይ መስመር መስመር ይሠራል። መሣሪያው የተወደደበት እንቅስቃሴ ራሱ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

ስክሪኑም ቢሆን አግድም 640፣ ቁልቁል 240 ነጥብ ብቻ ያለው፣ ግራጫና ደብዛዛ ነው። አንቀጽ ለመጻፍ ይመቻል፤ ረጅም የሒሳብ ሠንጠረዥ ለማየት ግን ጥቂት ረድፍ ብቻ እያሳየ ያታክታል። ሥራው የሚቀመጠው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማስታወሻ ውስጥ ስለሆነ፣ ዋናውም መጠባበቂያውም ባትሪ ካለቀ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ሥራውን ወደ ማስታወሻ ካርድ መገልበጥን ችላ ያለ ሰው የወር ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ወሰን ነበረው። ለሆሄያትና ለምልክቶች ያለው ቦታ በጠቅላላው 256 ሲሆን፣ የተሞላው በላቲን ፊደላት ነው። የእኛ ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከዚያ ሠንጠረዥ ያልፋሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው መሣሪያው ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999 ነው። ስለዚህ ያ ድንቅ ኪቦርድ ለአማርኛ ጸሐፊ አልጠቀመም።

ሳዮን በ1998 ከኖኪያ፣ ከኤሪክሰንና ከሞቶሮላ ጋር ሲምቢያን የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ መሠረተ፤ የመሣሪያው ሶፍትዌርም በዚያ በኩል ወደ ስልክ ተሻገረ። በ2001 ኩባንያው ለሕዝብ ከሚሸጡ የኪስ ኮምፒውተሮች ገበያ ወጣ። ማርቲን ሪዲፎርድ ግን ሐሳቡን አልተወውም፤ በ2018 ፕላኔት ኮምፒውተርስ የተባለው ኩባንያ ያወጣው «ጀሚኒ» የተሰኘ የኪስ መሣሪያ በእሱ ንድፍ እንደገና ኪቦርድ ይዞ መጣ።

ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ በፍጥነትም ሆነ በማስታወሻ ሲሪስ 5ን እጅግ ይበልጠዋል፤ አማርኛውንም ይጽፋል። ሁለት ገጽ ሪፖርት በአውራ ጣት የጻፈ ሰው ግን ምን እንደጎደለው ያውቃል። የኪስ ኮምፒውተር ለማስታወሻ፣ ለቀጠሮ፣ ለመጀመሪያ ረቂቅ ጥሩ አጋዥ ነው፤ አርትዖትና ሰፊ ሠንጠረዥ ግን የጠረጴዛ ሥራ ናቸው። ለሥራ የሚሆን የእጅ መሣሪያ የምትገዙ ሰዎች፣ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ አትወስኑ። ከመክፈላችሁ በፊት ደጋግማችሁ ክፈቱት፣ ዝጉት፤ አንድ አንቀጽም በአማርኛ ጻፉበት። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች፤ ዓመቱን ሙሉ የምትሠሩበት እናንተ ናችሁ።