ውሃ የፈለገው ሳምቡክ

አዲሱ ባሕር ኃይል የገባ የሰፈራችን ልጅ ፈቃድ ወጥቶ ጎንደር ሲመጣ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ጀልባ ወደ መርከብ ስትመጣ ስንት ሜትር ሲቀራት ነው የሚተኮሰው?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ይዤው ወደ ጎርጎራ ወረድኩ።

ጣና ዳር አንድ እንጨት አቁሜ፣ «አንድ ዓይንህን ጨፍንና ያችን ታንኳ ከእንጨቱ ጋር አስተካክላት» አልኩት። ከእንጨቱ ወደ ጎን ከወጣች አልፋ ትሄዳለች። እዚያው እንደቆመች እየተለቀች ከመጣች ግን የምትመጣው ወዳንተ ነው። መርከብ ላይ እንጨቱን የሚተካው ኮምፓስ ነው።

በ30 ኖት የምትበር ጀልባ በደቂቃ 900 ሜትር ያህል ትጓዛለች። 2 ኪሎ ሜትር ላይ ካየሃት በእጅህ ያለው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ፍጥነት መጨመርና አቅጣጫ መቀየር፣ አምስት አጫጭር ጥሩምባ መንፋት፣ የጀልባዋን ሰዎች በድምፅ ማጉያ በቋንቋቸው መጣራት፣ ከዚያም ከፊቷ ውሃው ላይ የማስጠንቀቂያ ተኩስ መተኮስ፤ ሁሉም በዚያች ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት። ጠባቂው ካንቀላፋ ግን የሚቀርህ መግደል ወይም መሞት ነው።

እኔ በቀድሞው ባሕር ኃይል ሳለሁ፣ ቀይ ባሕር ላይ ዳህላክ አካባቢ ስንቃኝ አንድ ሳምቡክ፣ የእንጨት ጀልባ፣ ቀጥ ብሎ መጣብን። ጥሩምባውን ነፋን፣ አልተመለሰም። ተኳሹ መትረየሱን አዙሮ ትእዛዝ ይጠብቃል። ዓይኔን ከመነጽሩ አልነቀልኩም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ቢጫ ጀሪካን ከፍ አደረጉና ገለበጡት፤ ጠብታ አልወጣውም። የመጡት ውሃ ፍለጋ ነበር። ከሩቅ ስላየናቸው ብቻ ተረፉ።

ይህን ስል አደጋው የለም ማለቴ አይደለም። የካቲት 1982 ዓ.ም. በምፅዋ ጦርነት የሻዕቢያ ፈጣን ጀልባዎች መርከቦቻችንን ባሕር ላይ ገጥመዋል። ለትልቅ መርከብ የተሠራ ሚሳይል ለእንዲህ ያለች ጀልባ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው የነቃ ዓይንና መትረየስ ነው። ጥቅምት 2 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ ኤደን ወደብ ነዳጅ እየቀዳ የነበረውን የአሜሪካ መርከብ ኮልን ፈንጂ የጫነች ጀልባ ተጠግታ 17 መርከበኞች ገደለች። ጀልባዋ ላይ የነበሩት ሰላምታ እየሰጡ ነበር የቀረቡት። የቆመ መርከብ መሸሽ አይችልም፤ ወደብ ላይ ጥበቃው የሚጠናከረው፣ የራስ ጀልባ ዙሪያውን የሚዞረው ለዚህ ነው።

ልጁ ዓይኑን እንደጨፈነ ቆየ። «ከእንጨቱ ወጣች፣ ጋሼ» አለኝ። ቀዛፊው ቀና ብሎ ሳያየን አለፈ።