ወጡ የሚያድርበት ድስት

የአሉሚኒየም ድስት ውኃና እንቁላል ሲቀቀልበት ውስጡ ይጠቁራል። በዚያው ድስት የቲማቲም ስልስ ሲሠራ ደግሞ ማንም ሳይፈትገው ጥቁረቱ ለቆ እንደ አዲስ ያበራል። “ቲማቲም ድስት ያጸዳል” የሚሉ ባለሙያዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። ለቆ የሄደው ግን የትም አልሄደም። የቲማቲሙ አሲድ የብረቱን የላይኛ ቅርፊት አሟምቶ ከስልሱ ጋር ቀላቅሎታል፤ እኛም በልተነዋል። ስለዚህ ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ሊበስልበት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚቆይበት ነው።

የእኛ ወጥ ደግሞ ረጅም ነው። ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ ይመጣል፣ ሽንኩርቱ ለሰዓታት ይቁላላል፣ በርበሬው ተጨምሮ ይንተከተካል። ከዚያም የተረፈው እዚያው ድስት ውስጥ ተከድኖ ያድራል፤ በማግስቱም ይሞቃል። ጨው፣ ጎምዛዛ ነገር፣ ሙቀትና ጊዜ አንድ ላይ ሲሆኑ ብረት ከየትኛውም ጊዜ ይበልጥ ይለቃል።

አሉሚኒየምን በጅምላ አላወግዝም። ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን ያስወጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ገደብ፣ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሳምንት 2 ሚሊግራም ነው። ድንችና ፓስታ ቢቀቀልበት አልሰጋም። አሬራ አሙቆ አይብ ማውጣት ግን በሌላ ዕቃ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ካለ ደግሞ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

አጥብቄ የምፈራው ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራውን ድስት ነው። ከሞተር ክፍል፣ ከራዲያተርና ከተገኘው ሁሉ ስለሚቀልጥ ውስጡ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ከአስር የአፍሪካ፣ የእስያና የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች የተሰበሰቡ 42 የዚህ ዓይነት ዕቃዎችን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ውጤታቸውን በ2017 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በቀጭን የኮምጣጤ አሲድ ለ2 ሰዓት ሲያፈሏቸው፣ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ለጤና የሚያሰጋ እርሳስ ለቀዋል። ዶሮ ወጥ ከ2 ሰዓት በላይ እሳት ላይ እንደሚቆይ አስቡት። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለው ይናገራል። ሻጩ ከምን እንደተሠራ ሊነግራችሁ የማይችለውን፣ ወፍራምና ውስጡ ሻካራ የሆነ ያልታወቀ ድስት፣ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ለልጅ ምግብ አትግዙት።

ሸክላን እወዳለሁ፤ ምክንያቱም አለኝ። በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች የሚሠሩት ዓይነት ድስት የሚያብረቀርቅ ቅብ የለበትም፤ በሌላው ዓለም ሸክላ ላይ እርሳስ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ከቅቡ ነው። ስትገዙ ድስቱን በመዳፋችሁ አንጠልጥላችሁ በጣት ኳ ኳ አድርጉት። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ምጣድ ከሆነ ማሟሸቱን አታቻኩሉት። እሳቱ ለስለስ ብሎ ሲግል የተፈጨ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በማሰሻ እየታሸ ዘይቱ ወደ ሸክላው ይገባል። ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ መስኮት ይከፈት። ዘይቱ በሙቀቱ ደርቆ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ፊቱ እየጠቆረና እየለሰለሰ ይሄዳል። አንዴ አይበቃም፤ እንጀራው ሳይያያዝ እስኪነሳ ይደገማል። የማያጣብቅ ፊት የሚሠራው በፋብሪካ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ቆሞ ቢያይ ደስ ይለኛል።

ቴፍሎን ለጾም ቂጣና ለእንቁላል ይመቻል። ባዶውን እሳት ላይ መርሳት ነው አደጋው፤ ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ቅቡ መበላሸት ይጀምራል፣ ይበልጥ ሲግል የሚወጣው ጭስ በቤት ያለ ወፍ ይገድላል። በእንጨት ማማሰያ ብቻ ይማሰል፣ ቅቡ ከተላጠ ይጣል።

ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ታቹ ወፍራም የሆነ የማይዝግ ብረት ድስት ግዙ፤ ቁሌቱንም ቶሎ አያሳርርም። እሱም እስኪገኝ ድረስ ያላችሁን የፋብሪካ አሉሚኒየም ለቅቅል ተጠቀሙበት፤ ስልስና ወጥ ቢሠራበትም እንኳ እሳቱ እንደጠፋ ወደ መስታወት ወይም ወደ ሸክላ ዕቃ ገልብጡት።