የድጎማው ሚዛንና ቅርሳችን

የእስራኤል መንግሥት ለባህልና ለትምህርት ማኅበራት የሚሰጠውን ድጎማ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የበጀት መሠረቶች ሕግ ይመራዋል። በ1992 የተጨመረበት አንቀጽ ገንዘቡ በእኩል መመዘኛ እንዲከፋፈል ያዛል። ይህን እንደግፋለን፤ በትውውቅ ከመስጠት ይሻላልና።

ይሁን እንጂ እኩል የተባለ መመዘኛ ሁሉ ትክክለኛ ሚዛን አይደለም። የትርኢት ብዛትና የተመልካች ቁጥር ሲቆጠር ቲያትር ቤት ይጠቀማል። የስግድን ጸሎት በግዕዝ ለሁለት ወጣቶች የሚያስተምር ቄስ ግን ትኬት አይሸጥም፤ አዳራሽም አይከራይም። ስለዚህ ድካሙ በቅጹ ላይ ቦታ አያገኝም።

ክነሴት በ2008 ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። በዓል በሕግ ይታወጃል፤ ጸሎት ግን የሚወረሰው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። እንግዲህ ጸሎቱን አጥንቶ የወጣ አንድ ተማሪም እንደ አንድ ትርኢት ይቆጠር እንላለን።