ከነጠላው ሥር

እናቴን በር ላይ ተቀምጣ ስስላት ለነጠላዋ ነጭ ቀለም ብቻ የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር። ቲታኒየም ነጭ ቀባሁ፤ ለጥላው ጥቁር ጨመርኩበት። የወጣው ጨርቅ ሳይሆን የተለሰነ ግድግዳ ሆነ፤ እጥፋቱም አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። እናቴ ቆማ አየችውና፣ «ምነው ልጄ፣ ነጠላዬ ሳይታጠብ ነው እንዴ የሳልሽኝ?» አለች።

ጥቁሩን ከቱቦ ማውጣቴ አንዱ ጥፋት ነው። አሁን ጥላ ስፈልግ ኡልትራማሪን ሰማያዊን ከበርንት ሲዬና ጋር አዋህዳለሁ። ሲዬና በእሳት ያለፈ አፈር ነው፤ ብርቱካናማነቱ የሰማያዊውን ጉልበት ይሰብረዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ጥቁር ለማለት የሚያስደፍር ጨለማ ይወጣል፤ ነጭ ጠብ ሲደረግበት ግራጫ። ሰማያዊው ከበዛ የጠዋት ጥላ ነው፣ ሲዬናው ከበዛ የምድጃ ዳር።

ዋናው ስህተቴ ግን ነጠላን ነጭ ጨርቅ ብቻ አድርጌ ማየቴ ነበር። ነጠላ ሥሩ ያለውን ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀሚሱንና ትከሻውን ነጠላ እንደሌለ አድርጌ እጨርሳለሁ። ሲደርቅ ዚንክ ነጭን በተልባ ዘይት አቅጥኜ አለብሰዋለሁ። ቲታኒየም ይሸፍናል፤ ዚንክ ያሳልፋል። ነጠላው አንድ በሆነበት አንድ ስስ ቅብ፣ በተደረበበት ሁለት፣ ትከሻ ላይ በተጣፋበት ሦስት። ሸማኔው የሠራውን ያህል ባይሆንም፣ ቢያንስ ጨርቅ ይመስላል።

መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ጠይሙ ትከሻ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ስስ ነጭ ጨለማ ላይ ሲያርፍ እንዲህ ያደርጋል፤ ከጎጆ ክዳን የሚወጣ ጭስ በጥቁር ዛፍ ፊት ሰማያዊ ሆኖ እንደሚታየው ማለት ነው። ስለዚህ ቆዳውን አስቀድሜ ከልክ በላይ አቀላዋለሁ። በዚህ መሐል ሰው ቢመጣ ሸራውን እደብቃለሁ፤ ፀሐይ የፈጀው ሰው ነው የሚመስለው።

መጠበቁ ነው የሚከብደኝ። የዘይት ቀለም እንደታጠበ ልብስ ውኃው ተንኖ አይደርቅም፤ የተልባው ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል እንጂ። ከሥር ያለው ቅብ ዘይቱ አነስ፣ ከላይ ያለው በዛ ማለት አለበት። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ዘይት በጠገበ ቢጫ ላይ በተርፔንታይን የቀጠነ ቡኒ ደረብኩ። ላዩ ቶሎ ደረቀ፣ ሥሩ ገና ይንቀሳቀሳል፤ ወራት ሳይቆይ ሥዕሉ በበጋ እንደ መረሬ መሬት ተሰነጣጠቀ። ያን ሸራ አልጣልኩትም፤ ቡኒ ባነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ።

አዲሱ የእናቴ ሥዕል ሁለተኛው ቅብ ላይ ነው። የተልባ ዘይት በጨለማ ይብስ ቢጫ ስለሚሆን ወደ ግድግዳ አላዞርኩትም፤ መስኮት አጠገብ ቆሟል። እናቴ በየቀኑ፣ «ጥለቱስ?» ትለኛለች። ቀዩን የምነካው ነጩ ጣት ላይ መያዙን ሲተው ነው።