እጅ ፊደሉን እንዳይሸፍን

ቪዲዮው አራት ደቂቃ አይሞላም። የሚታየው ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ማርከርና አንድ እጅ ብቻ ነው። እጁ «ለ»ን ይጽፍና ወደ «ሉ» ያልፋል። «ሉ»ን ከ«ለ» የምትለየው ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ የምትወጣ አጭር መስመር ናት፤ በቀኙ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ይህችኑ መስመር በገዛ መዳፉ ይሸፍናታል። ፊደል አስተማሪ ነን የሚሉ ብዙ ቪዲዮዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ልጁ እጅ ሲያይ ይቆይና እጁ ሲነሣ ያለቀ ፊደል ያገኛል፤ እንዴት እንደተጻፈ ግን አላየም። በዚህኛው ሥራ ስልኩ የተተከለው ከወረቀቱ በላይ፣ ወደ ግራ ገባ ብሎ ነው። የማርከሩ ጫፍ አንድም ጊዜ ከዓይን አይሰወርም።

የሠሩት አየር ጤና፣ ከማዞሪያው ብዙም በማይርቅ ግቢ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስለማይፈልጉ እንደ ተማሪዎቻቸው ቲቸር እላቸዋለሁ። ትምህርቱን የሚሸጡት በቴሌግራም ነው። ገዢዎቹ በአብዛኛው ውጭ አገር ልጅ የወለዱ ወላጆች ሲሆኑ፣ ገንዘቡን አዲስ አበባ ያለ እኅት ወይም ወንድም በቴሌብር ያስገባላቸዋል፤ ከዚያ ወደ ቻናሉ ይገባሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ የአንድ ሰው ሥራ ያለ ሱቅና ያለ ደላላ ገበያ ማግኘት ችሏል።

እኔን የሚገርመኝ ግን አሸጣጡ ሳይሆን የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። ቲቸር ዜማውን እንደ ወጉ ከ«ሀ» ይጀምራሉ። መጻፍ ሲጀመር ግን «ሀ»ን አልፈው «ለ»ን ያስቀድማሉ። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው፤ በአማርኛ «ሀ» እና «ሃ» አንድ ድምፅ ናቸውና በ«ሀ» የጀመረ ልጅ ግዕዙና ራብዑ ልዩነት የላቸውም ብሎ ይነሣል። በ«ለ» ቤት ይህ ችግር የለም፣ ሁለቱ እግሮችም ሕጉን ወለል አድርገው ያሳያሉ። ካዕቡ ከወገብ ይቀጠላል፣ ሣልሱ ከቀኝ እግር ጫፍ፤ በራብዑ ግራ እግር ያጥራል፤ በኃምሱ የቀኝ እግር ጫፍ ላይ ቀለበት ይታሰራል። «በ»፣ «ሰ» እና «ከ» ይከተላሉ። ደንቡን የሚያፈርሱት «ሩ» እና «ፉ» የሚመጡት ልጁ ደንቡን በሚገባ ከያዘ በኋላ ነው። «ሸ»ም «ሰ» ሳይጠና፣ «ኘ»ም «ነ» ሳይጠና አይመጡም።

በየምዕራፉ መጨረሻ ያለው ፈተና የተዋቀረው በአቡጊዳ ቅደም ተከተል ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳል። ሀ ሁ ሂን በዜማ የሸመደደ ልጅ ፊደሉን ሳያይ መጨረሻ ይደርሳል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል ግን ቤቱም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ ዜማው አያድነውም፤ ማየት ግድ ይሆንበታል። የየኔታዎች ብልሃት ስልክ ላይ እንዲህ በትክክል ሲሠራ በማየቴ ከልቤ ደስ ብሎኛል። አብረቅራቂ ጨዋታ መደርደር ይቻል ነበር፤ ቲቸር ግን ተማሪ በምን በኩል እንደሚያመልጥ አስቀድሞ ያወቀውን ጥንታዊ ዘዴ መረጡ።

ይህ የመምህር ዓይን ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡም ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራሙን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ስትጀምር ከክፍል የወጣች መምህርት ነበረች። ከካልሲ የተሠራችው የፕሮግራሙ ቀጭኔ፣ ፀሐይ፣ በየቤቱ የተወደደችው ልጅን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ስለሠራት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቲቸር ቪዲዮዎች ድምፅ ልለፍ። አየር ጤና ጸጥ ያለ ሰፈር አይደለም፤ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ ቀን ደግሞ «ጦር ኃይሎች! ዓለም ባንክ!» የሚሉ የታክሲ ረዳቶች አሉ። ቲቸር የሚቀዱት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የጎረቤት ልጆች ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ የጆሮ ማዳመጫውን ማይክ ነጠላቸው ላይ ሰክተው ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለ«ቀ»፣ ለ«ጠ» እና ለ«ጨ» ሲባል ነው። ባሕር ማዶ ያደገ ጆሮ «ቀበረ»ን ከ«ከበረ»፣ «ጠራ»ን ከ«ተራ» አይለይም። በሌሎቹ ክፍሎች ፊታቸው ፈጽሞ አይታይም፤ እነዚህን ድምፆች በሚያስተምሩበት ክፍል ብቻ አፋቸው ይታያል። ጥንዱን ይሉና ዝም ይላሉ። ዝምታው ልጁ እንዲደግም የተተወለት ቦታ ነው፤ ልኩም አይዛነፍም።

ከቪዲዮው ጋር የሚላከው የመለማመጃ ፒዲኤፍ በእጅ የተሣለ ነው። የኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ፎንት አልጠፋም። ቲቸር ግን የታወቁት ፎንቶች፣ ኒያላን ጨምሮ፣ ወፍራምና ቀጭን መስመር እንደሚያፈራርቁ አስተውለዋል። ለአንባቢ ውበት ነው፤ እርሳስ ለጨበጠ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ውፍረቱም ፊደሉ ይመስለዋል፤ ደጋግሞ ያቀልመዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ውፍረት፣ በነጠብጣብ፣ መነሻውን በትንሽ ክብ ምልክት አድርገው ሣሉት።

ሥራቸውን ከሁሉ በላይ ያከበርኩት በሳድሱ ነው። ሳድስ ወጥ ደንብ የለውም። «ል»፣ «ም»፣ «ር» እና «ብ» የሚጋሩት ምልክት የለም፤ አናባቢ ድምፁም አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል፤ «ልብ» ስንል «ል» ላይ አለ፣ «ብ» ላይ የለም። ገበያ የሚያይ ሻጭ እዚህ አንድ «ቀላል ዘዴ» ፈጥሮ ያልፍ ነበር። ቲቸር «ይህ ደንብ የለውም፣ ልጄ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን» ይላሉ። ከዚያም በእርግጥ አንድ በአንድ ያሳያሉ፤ ለየፊደሉ አጭር ቪዲዮ፣ ለየቪዲዮውም አንድ የቤት ቃል አለው፦ ልጅ፣ ምሳ፣ ብርጭቆ። በፒዲኤፉ ላይ ሌሎቹ ፊደላት ሁለት ሁለት የመለማመጃ መስመር ሲሰጣቸው ሳድሶቹ አምስት አምስት ተሰጥቷቸዋል።