የሐሙሱ ዳዊት

«የኔታ፣ ለምኜ ለምኜ ዝም አለኝ። ዳዊቱን በቀን ሁለቴ ላድርገው?» እንዲህ ብለው የሚመጡ እናቶች በአዘዞ በዝተዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ነው፤ ልጁ የራቀበት፣ ሥራው የቆመበት ብዙ ነው። የምመልሰው አንድ ነው፤ «አታብዢው ልጄ፤ የዛሬውን ድገሚ።»

መልስ ሲዘገይ ሰው ጸሎቱን ያስረዝማል፣ ስግደት ይጨምራል፤ ጥቂት ሰንብቶ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ሲተው ያየሁት አብዛኛው በአንድ ጊዜ አብዝቶ የጀመረው ነው።

150ው መዝሙር በአሥር በአሥሩ ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይሆናል። ሰኞ ከመጀመሪያው መዝሙር ከፍካሬ ተነሥቶ ሦስት ንጉሥ ይደገማል፤ የቀረው ለሌሎቹ የሳምንቱ ቀናት ይከፋፈላል። ለጠላት ይኸኛው፣ ለበሽታ ያኛው እያሉ መርጠው የሚደግሙ አሉ፤ እኔ አልወደውም። በተራው ሲደገም፣ ከፍቶህ በመጣህበት ቀን ምስጋና ይደርስሃል፤ ደስ ባለህ ቀን ልቅሶ።

ደጋሚ መድከሙን ከአፉ ፍጥነት አውቃለሁ። ቃሉን መዋጥ ሲጀምር ጣቱን ከመስመሩ ሥር እንዲያደርግና ድምፁን ለገዛ ጆሮው እስኪሰማ ከፍ እንዲያደርግ አዘዋለሁ። መቋሚያውም ለዚሁ ነው፤ ቆሞ ለመድገም እንጂ ለጌጥ አይደለም።

የእጨጌው መቀመጫ በነበረችው አዘዞ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ብርቅ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚያየው ጥር 24 የምናስባትን የተሰበረች እግር ነው። እኔ ግን ጦሮቹን አስባለሁ። ጻድቁ እንቅልፍ እንዳያዘነብላቸው ስምንት ጦር በዙሪያቸው ተክለው ቆሙ ይባላል። እርሳቸው እንኳ በጉልበታቸው ብቻ አልተማመኑም። ለእኛ የዕለቱ ንጉሥ እንደዚያ ጦር ነው።

ሰኞ በሁለተኛው ንጉሥ፣ በ12ኛው መዝሙር፣ ዳዊት እስከ መቼ ብሎ አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ ስለዚህ መጠየቅን ድፍረት አልለውም። ያ መዝሙር በደስታ ይዘጋል። የሚከብደው የሐሙሱ 87ኛ ነው፤ ወዳጅና ዘመድ እንደራቀው ተናግሮ፣ ማጽናኛ ሳያስከትል ያበቃል። አዲስ ደጋሚ እዚያ ሲደርስ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ገጽ የጎደለ ይመስለዋል። አልጎደለም። 88ኛውን ጀምር እለዋለሁ፤ ንጉሡ እስኪሞላ ገና ሦስት ይቀሩታል።