ቀለም ከመቀባቱ በፊት

የአሮጌ መኪና ጥገና ጥራቱ የሚታወቀው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ነው። ቀለም ካረፈበት በኋላ ፓራፋንጎ ሁሉ ያምራል፤ ከሥሩ ያለው ላሜራ ይሁን ስቱኮ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ከአባቴ የወረስኳትን ቮልስዋገን ጋራዥ ካስገባሁ በኋላ፣ ብረቷ ራቁቱን ሳለ ጎራ እያልኩ ሥራውን ማየት ለመድኩ። ያየሁት ሙያ ሥራው ሲያልቅ ተሸፍኖ የሚቀር በመሆኑ፣ ሳይረሳ ልጽፈው ወደድኩ።

መኪናዋ ለዓመታት ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ቮልስ ቆማ ስትከርም ዝገት የሚጀምራት ከማይታየው በኩል ነው። ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ ከእሱ የሚንጠባጠበው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ምንጣፉ ሲነሳ በወለሉ ቀዳዳ መሬቱ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ላሜራ ለጥፎ፣ ዙሪያውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ይቻላል። ሲያስረክቡት ያምራል። ክረምት ሲገባ ግን ውሃው በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ይተኛል፤ ዝገቱም ተሸሽጎ ሥራውን ይቀጥላል። ቦዲ ሠሪው አዛውንት ይህን አልፈለጉም። ጤናማ ብረት እስኪያገኙ ድረስ ቆርጠው አወጡት።

ከዚያ በወረቀት ልክ ወስደው አዲስ ላሜራ ቆረጡ። በወለሉ ላይ ጎበጥ ጎበጥ ብለው የሚሄዱትን መስመሮችም እንጨት ላይ አስደግፈው በመዶሻ አወጧቸው። መስመሮቹ ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ ስስ ላሜራ እንዳይርገበገብ የሚያጠነክሩት እነሱ ናቸው። ሲበይዱም ከአንዱ ጫፍ ጀምረው እስከ ሌላው አይጎትቱም። እዚህ አንድ ነጥብ፣ ማዶ ሌላ ነጥብ፣ ትንሽ አረፍ፣ ከዚያ በመካከል። ስስ ብረት ሙቀት በአንድ ቦታ ሲበዛበት ይጣመማልና። ነጥቦቹ ተገናኝተው በግራይንደር ከተስተካከሉ በኋላ፣ “እስቲ ዳብሰው፣ ልጄ” አሉኝ። አሮጌው የት አልቆ አዲሱ የት እንደሚጀምር መዳፌ አላገኘውም።

የግራ ፓራፋንጎው የቆየ ስርጉድ ነበረበት። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ለብቻው ይወርዳል፤ ቅርጹ ግን በየአቅጣጫው ስለሚጎብጥ ለማቃናት አስቸጋሪ ነው። ስርጉዱን መሃሉ ላይ ቢመቱት ብረቱ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ብረት ደግሞ በቀላሉ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ከጠርዙ ጀመሩ። በአንድ እጃቸው ከውስጥ ደጋፊ ብረት ይዘው፣ በሌላው በቀላል መዶሻ ዙሪያውን እየነኩ ወደ መሃል ገቡ። ከዚያ ሞረድ አነሱ። ሞረዱ ላዩን ሲያልፍ ከፍ ያለው ቦታ ያበራል፣ ዝቅ ያለው እንደደበዘዘ ይቀራል። የደበዘዘውን ከውስጥ እየገፉ፣ እንደገና እየሞረዱ፣ ብርሃኑ አንድ ወጥ እስኪሆን ቀጠሉ። በመጨረሻ የተጠቀሙት ስቱኮ እንደ ወረቀት የሳሳ ነበር፤ አብዛኛውንም በብርጭቆ ወረቀት መልሰው አነሱት።

ሞተሩን የያዘው ወጣት ሜካኒክ ሙያ ደግሞ ሌላ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ ማውረዱ ብዙ አያስቸግርም። ራዲያተርም ሆነ ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚነዳው ማራገቢያ ዲናሞው ዘንግ ላይ ተቀምጦ በአንዲት ቺንጋ ይዞራል። ቺንጋው ቢበጠስ ባትሪ መሙላቱም ማቀዝቀዙም አብሮ ይቆማል። ልጁ የቺንጋውን ውጥረት ፑሌጃው ውስጥ ያሉትን ስስ ቀለበቶች እየቀነሰና እየጨመረ፣ በየጊዜው በአውራ ጣቱ እየተጫነ አስተካከለ።

ባልቦላዎቹን የለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ለዚህ ባለ 1300 ሞተር ክፍተቱ 0.10 ሚሊሜትር ነው። ከጠበበ ባልቦላው በደንብ አይዘጋም፤ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ ስለማይችልም ይቃጠላል። ልጁ ሦስተኛውን ሲሊንደር ደጋግሞ ለካ። የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ አየሩ ወደዚያ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለተቀመጠ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው አየር የሞቀ ነው። ይህን የሚያውቅ ሜካኒክ ሦስተኛውን እንደ ሌሎቹ አያየውም።

ካርቦራቶሩ ውስጥ የከረመው ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ነበር። ልጁ የቤንዚን ማሳለፊያዎቹን በሽቦ አልወጋቸውም፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው በቀላሉ ይሰፋል። ዘፍዝፎ በአየር ነፋቸው። ዋናውን ማሳለፊያ ግን ቀዳዳው ጠበብ ባለ ቀየረው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ አገር የተመጠነ ቤንዚን እዚህ ይበዛል። ትንሽ ነድቶ ካንዴላዎቹን ፈታና ወደ ብርሃን አዞራቸው። ጥቁር ጥላሸት ቢሆን ቤንዚን በዝቷል ማለት ነበር፤ ጫፋቸው ግን ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሚኒሞውን ያስተካከለው ከዚያ በኋላ፣ በጆሮው ነው።

የወራሽነት ማስረጃው ወጥቶ ሊብሬው በስሜ ከዞረ በኋላ መኪናዋን ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት ይዣት ወጣሁ። ጥቁር ጭስ ሳታወጣ፣ ወለሏ ሳይንኳኳ ወጣች። ቀለሟን አይተው ያደነቁልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ የማመሰግነው ግን ከቀለሙ ሥር የቀረውን ነው። የአባቱ መኪና ግቢ ውስጥ የቆመችበት ሰው ካለ ምክሬ ይህ ነው፦ በዋጋ ስትነጋገሩ ለቀለሙ ተከራከሩ፣ ለላሜራው ግን አትሰስቱ፤ ቀለም ከመቀባቱም በፊት ሄዳችሁ ብረቱን በእጃችሁ ዳብሱ። ጥሩ ባለሙያ ይህን ስትጠይቁት ደስ ይለዋል፤ ሥራውን የሚያይለት ሰው የሚያገኘው በዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ነውና።